«ውሃ ብጠጣም እወፍራለሁ»፦ ስለ ዘገምተኛ ሜታቦሊዝምና ኪሎ መቀነስ ድሬዎች የሚጠይቁት

ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከሳቢያን እስከ ሐረር ጁገል ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ቀላሉን ከፊት፣ ጠጣሩን ከኋላ አድርገናል።

ሜታቦሊዝም የሚባለው ምንድን ነው?

ሰውነታችን የበላነውን ወደ ጉልበት ቀይሮ የሚያወጣበት ሥራ ሁሉ ነው። ተጋድማችሁ ጣሪያ እያያችሁ እንኳ ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይሠራል፣ አንጎልና ጉበት አያርፉም። ይህን የእረፍት ወጪ እንበለው። በአብዛኛው ሰው ላይ በቀን ከሚወጣው ጉልበት ከ60 እስከ 70 በመቶው እዚህ ያልቃል። የበላነውን ለመፍጨት ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ይሄዳል። የቀረው እንቅስቃሴ ነው። ስፖርት ብቻ አይደለም፤ መቆም፣ መጥረግ፣ ደረጃ መውጣት፣ ልጅ ማባረር ሁሉ ይገባል።

ሰው «የእኔ ሜታቦሊዝም ዘገምተኛ ነው» ሲል የሚያስበው የመጀመሪያውን ነው። ሰውን ከሰው ይበልጥ የሚለየው ግን ሦስተኛው፣ እንቅስቃሴው ነው።

የእኔ ዘገምተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በትክክል የሚለካው በትንፋሽ ነው። ሰውየው በባዶ ሆዱ ተጋድሞ የሚያስገባውን ኦክስጅንና የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሣሪያ ይመዘግባል። ጂም ውስጥ የቆመው ዘመናዊ ሚዛን «የሜታቦሊዝም ዕድሜዎ 58 ነው» ብሎ ቢያስደነግጣችሁ አትመኑት። በቀመር እየገመተ ነው እንጂ የለካው ነገር የለም።

ግምት ከሆነ እናንተም ወረቀት ላይ ትሠሩታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውና ብዙ የሥነ ምግብ ባለሙያ የሚጠቀምበት የሚፍሊን–ሴንት ጆር ቀመር ይህ ነው። ኪሎን በ10 አባዙ። ቁመትን በሴንቲሜትር በ6.25 አባዝታችሁ ደምሩበት። ዕድሜን በ5 አባዝታችሁ ቀንሱ። ሴት ከሆናችሁ 161 ቀንሱ፤ ወንድ ከሆናችሁ 5 ጨምሩ። 75 ኪሎ የምትመዝን፣ ቁመቷ 160 ሴንቲሜትር፣ ዕድሜዋ 40 የሆነች ሴት የእረፍት ወጪዋ 1,389 ካሎሪ ይመጣል። (ካሎሪ ስንል ማሸጊያ ላይ የሚጻፈውን ኪሎካሎሪ ነው።) ቀኑን በአብዛኛው ተቀምጣ የምትውል ከሆነች ይህን በ1.4 ታባዛለች፤ 1,950 ገደማ። በቀን ከዚህ በላይ ከበላች ትጨምራለች፣ ከዚህ በታች ከበላች ትቀንሳለች።

በዕድሜ፣ በቁመትና በኪሎ እኩል የሆኑ ሁለት ሴቶች በእረፍት ወጪ ሊለያዩ ይችላሉ። ግን ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ካሎሪ ብዙም አይዘልም። ሌላም ሰው የሚገርመው ነገር አለ፦ ወፍራም ሰው ከቀጭን ሰው ይልቅ በእረፍትም ብዙ ያቃጥላል። የሚሸከመውና የሚመግበው አካል ትልቅ ነዋ።

ታዲያ ጎረቤቴ እንደ ልቧ እየበላች ቀጭን፣ እኔ ምንም ሳልበላ የምወፍረው ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ድምፅ ትንሽ ከፍ ይላል፤ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ የኒው ዮርክ ጥናት በትክክል እንዲህ የሚሉ 10 ሰዎችን ይዞ ነበር። በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን አንቀንስም የሚሉ ናቸው። የሰውነታቸው ወጪ ሲለካ ምንም ጉድለት አልተገኘበትም። የሚበሉትን ግን በ47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በ51 በመቶ አግዝፈው ነበር የሚናገሩት። መዋሸታቸው አይደለም። ወጥ እየቀመሱ መሥራት፣ የልጅ ትራፊ መጨረስ፣ ቡና ላይ የቀረበ ቆሎ፣ መንገድ ላይ የተገዛች አንድ ሳምቡሳ፤ ማን «በላሁ» ብሎ ይቆጥረዋል?

ቀጭኗን ጎረቤት ደግሞ አንድ ቀን ልብ ብላችሁ እዩዋት። ስልክ ስታወራ ግቢውን ትዞራለች። ቀፊራ ገበያ ባጃጅ ሳትይዝ ደርሳ ትመለሳለች። ተቀምጣ እንኳ እግሯ አያርፍም። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ሌላ ጥናት 16 ሰዎች ለ8 ሳምንት በየቀኑ 1,000 ካሎሪ ትርፍ እንዲበሉ ተደረገ። አንዱ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ስብ ጨመረ፣ ሌላው ከ4 ኪሎ በላይ። የለያቸው ስፖርት አልነበረም። ሳያስቡት የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ነበር፤ ትርፉን ሲበሉ አንዳንዶቹ ሳይታወቃቸው ይበልጥ መንቀሳቀስ ጀምረው ነበር። ይህ ባሕርይ በከፊል በዘር ይወረሳል፤ ስለዚህ «ውፍረት የቤተሰባችን ነው» የሚለውም ባዶ ወሬ አይደለም።

ታይሮይድ ይሆን? መመርመር አለብኝ?

አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም ሜታቦሊዝም በእውነት ይዘገያል። ምልክቱ ውፍረት ብቻ አይደለም። ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የፀጉር መሳሳት፣ የወር አበባ መብዛት፣ የድምፅ መጎርነን ይኖራል። ከሁሉ የሚያስጠረጥረው ብርድ ብርድ ማለት ነው። በግንቦት ድሬዳዋ ላይ ሹራብ የሚያስለብስ ብርድ ከተሰማችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ። እንቅርት ያለበትም ይመርመር። ምርመራው ቀላል የደም ምርመራ ነው፤ «ቲ ኤስ ኤች» ይባላል፣ አስፈላጊ ከሆነ «ቲ 4» ይጨመርበታል።

ግን ሁሉንም ነገር በታይሮይድ አታሳብቡ። ታይሮይድ ሲደክም የሚጨመረው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ነው፤ ከዚያም ብዙው ውሃና ጨው ነው። 25 ኪሎ ትርፍ ያለው ሰው መድኃኒቱን ቢጀምር ድካሙ ይለቀዋል፣ ክብደቱ ግን ያን ያህል አይወርድም። ሌቮታይሮክሲን የታዘዘላችሁ ደግሞ በባዶ ሆድ በውሃ ዋጡት፤ ቁርስና ቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። የብረትና የካልሲየም ክኒን ከእሱ በ4 ሰዓት ይራቅ። ታይሮይዱ ጤነኛ የሆነ ሰው ለመክሳት ብሎ ይህን ክኒን ቢውጥ ልቡን ያዛባል፣ አጥንቱን ያሳሳል። ከጎረቤት አትዋሱ።

40 ሲሞላኝ ነው የወፈርኩት። ሜታቦሊዝም በዕድሜ ይዘገያል አይደል?

ሁላችንም እንዲህ እናምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ29 አገሮች የተሰበሰበ፣ ከ6,400 በላይ ሰዎችን የያዘ ትልቅ ጥናት ነገሩን ገለበጠው። የሰውነት መጠን ታስቦ ሲታይ ሜታቦሊዝም ከ20 እስከ 60 ዓመት ያለው ጊዜ ላይ እዚያው ነው። ከ60 በኋላ በዓመት 0.7 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በ40 ዓመት የሚለወጠው ኑሮው ነው። በ20 ዓመት ኳስ ሜዳ የነበረ እግር በ40 ሱቅ ውስጥ ወንበር ላይ ይውላል። ጡንቻ ይሳሳል፣ እንቅልፍ ያጥራል። የወር አበባ ሲቆም ደግሞ ስቡ ከዳሌ ወደ ሆድ ይዞራል፤ ሚዛኑ ሳይለወጥ ቀሚሱ ወገብ ላይ የሚጠበው ለዚህ ነው።

የድሬ ሙቀት ስብ አያቀልጥም?

አያቀልጥም። ላብ ውሃና ጨው ነው። ወገብ ላይ ፕላስቲክ ጠምጥሞ መሮጥ የሚቀንሰው ውሃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ስትጠጡ ይመለሳል። በዚህ ሙቀት ደግሞ ራስን ስቶ መውደቅንም ሊያመጣ ይችላል።

ጫት ያከሳል ይባላል። እኔ እየቃምኩ የምወፍረው ለምንድን ነው?

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ለሰዓታት እህል አያሰኘውም። ግን ጫቱን ትታችሁ ዙሪያውን እዩት። ፍራሹ አጠገብ ፔርሙዝ ሻሂ አለ። ብርጭቆው ትንሽ ነው፣ ስኳሩ ግን ሳይሟሟ ታች ተኝቶ ይታያል። ምሬቱን ለመስበር ለስላሳ ተከፍቷል። በሳህን ላይ የባቢሌ ለውዝ።

እንቁጠረው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ሁለት ጠርሙስ ማለት 240 ካሎሪ ነው። ሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የገባባቸው ሁለት ብርጭቆ ሻሂ፣ 100 ካሎሪ ገደማ። 50 ግራም ለውዝ፣ 280 አካባቢ። ድምሩ ከ600 ይበልጣል። ይህን ሁሉ ያስገባ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ «ከምሳ በኋላ ምንም አልቀመስኩም» ይላል። ከልቡ ነው የሚለው። በዚህ ላይ ጨብሲ ከተጨመረ ቢራውንም ቁጠሩት።

ከዚያ ምርቃናው ይበርዳል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ረሃብ ባንዴ ይመጣል፤ ድሬ ደግሞ ማታ ነው የምትነቃው። ሩዙ፣ ፓስታው፣ ጥብሱ መንገድ ዳር ይጠብቃል። ጠግቦ የተኛ ሰው እንቅልፉ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ላይመጣ ይችላል። እንቅልፍ ሲያጥር በማግስቱ ረሃብ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት እንቅልፋቸው ያነሰ፣ ክብደታቸው የበዛ ሰዎች በሌሊት 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ጨምረው ሲተኙ፣ ማንም ስለ ምግብ ምንም ሳይላቸው በቀን 270 ካሎሪ ቀንሰው በልተዋል። ጫት ደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ወፍራም ሰው ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መተው ካቃታችሁ ለስላሳውን በውሃ ተኩት፣ ሻሂውን ያለ ስኳር አድርጉት፣ እራታችሁን ደግሞ ቀድማችሁ አስቡበት።

ምን ልብላ? እንጀራ ማቆም አለብኝ?

እንጀራን ተዉት፣ ጠላታችሁ አይደለም። ጤፍ ፋይበርም ብረትም አለው። ጥያቄው ስንት እንጀራ ነው፣ ከምንስ ጋር። ማዕድ ላይ የሚደበቀው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ለአምስት ሰው በሚሆን ወጥ ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ብርጭቆ ዘይት ከገባ፣ እያንዳንዱ ሰው ከዘይቱ ብቻ ከ300 ካሎሪ በላይ በላ ማለት ነው። ሽንኩርቱን በውሃ አቁላልታችሁ ዘይቱን በማንኪያ እየለካችሁ መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ሽታውም ጣዕሙም አይጠፋም። ይህን አንድ ነገር ብቻ የለወጠ ቤት ልዩነቱን ያየዋል።

ፕሮቲን ይብዛ። ሰውነት ፕሮቲንን ለመፍጨት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን የዚያኑ ምግብ ጉልበት ያወጣል፤ ለስብ የሚያወጣው ከ3 በመቶ አይበልጥም። ሆድም ቶሎ አይጎድልም። ፉል ለዚህ አንደኛ ነው፤ ከላይ የሚፈሰውን ዘይት ቀንሱለት፣ ዳቦውን አንድ አድርጉት። ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላል፣ ስቡ የወጣለት የፍየል ወይም የግመል ሥጋ ሁሉ ይሆናል። ግማሽ ሩዝ ግማሽ ፓስታ ተደርጎ በዳቦ የሚበላው ምሳ ግን ሦስት ስሙ የተለያየ አንድ ምግብ ነው፤ ከሦስቱ አንዱን ምረጡ። ማንጎ፣ ፓፓያና ጊሽጣ በስኳር ተመትተው ጁስ ከሚሆኑ በጥርስ ይበሉ። በዘይት የሚጠበሱት ባጊያና ሙሸበክ የዘወትር ሳይሆን የአልፎ አልፎ ምግብ ናቸው።

ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት ሜታቦሊዝም ያፈጥናል የሚባለው ግን እውነት አይደለም። ጠቅላላው መጠን ነው ወሳኙ። የሚመቻችሁን ያህል ጊዜ ብሉ።

በረመዳንና በጾም ለምን አልቀንስም?

የሰዓቱን ጾም ሰውነት ማታ ማስመለስ ስለሚችል ነው። አፍጥሩ ሲባል ተምር፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ጣፋጭ መጠጥ ባንዴ ይቀርባል። በሁለት ሰዓት ውስጥ የቀኑ ሁሉ ይገባል፤ ሱሁር ይጨመርበታል። በሁለትና ሦስት ተምርና በውሃ ጀምራችሁ፣ ሾርባውን ጠጥታችሁ፣ ሰግዳችሁ ብትመለሱ ረሃቡ ግማሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የተጠበሰው ነገር ብዛቱ ያኔ በራሱ ይቀንሳል።

የኦርቶዶክስ ጾም ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ሥጋና ቅቤ ሲወጣ ዘይቱ በእጥፍ ይገባል። ሽሮው በዘይት፣ ጎመኑ በዘይት፣ ድንቹ በዘይት። ፕሮቲኑ ደግሞ ይሳሳል። በሽሮው ላይ ምስርና ሽምብራ አብዙ። የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ከሆነ ግን ከመጾማችሁ በፊት ሐኪም መጠኑን ያስተካክልላችሁ። ስኳር ወርዶ መውደቅ በጾም ሰዓት የሚያጋጥም ነገር ነው።

ሎሚና ዝንጅብል፣ ሚጥሚጣ፣ የሐረር ቡና ሜታቦሊዝም አያፈጥኑም?

ቡናው ትንሽ ያፈጥናል። 100 ሚሊ ግራም ካፌይን የእረፍት ወጪን ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከ3 እስከ 4 በመቶ ከፍ ያደርገዋል። ይህ በካሎሪ ሲመነዘር አምስትና ስድስት ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ስላለው ቡናውን ጣፋጭ አድርጎ የሚጠጣ ሰው ከስሯል። ሚጥሚጣም እንዲሁ ያሞቃል፣ ለኪሎ ግን ኢምንት ነው። ሎሚና ዝንጅብል ደህና መጠጥ ናቸው፤ ስብ አያነሱም።

«የማክሻ ሻይ» ተብለው የሚሸጡት ይለያሉ። ብዙዎቹ ውስጥ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለ። የሚወጣው ውሃና ሰገራ ነው፤ ሲደጋገም የሰውነት ማዕድን ይዛባል። ከውጭ በሻንጣ በሚገቡ «የተፈጥሮ» እንክብሎች ውስጥ ደግሞ ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ለልብና ለአንጎል አደጋ ስለሚያጋልጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ከገበያ የወጣ ነው። በሚገርም ፍጥነት የሚያከሳ «ቅጠል» ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

በዚህ ሙቀት እንዴት ስፖርት ይሠራል?

በማለዳ። ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድሬ ገና ቀዝቃዛ ናት። ከዚራ በዛፎቹ ሥር መራመድ ጂም አያስናፍቅም። ማለዳ የማይነሣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይውጣ። ሐረሮች ዕድለኞች ናችሁ፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ የጁገል ዳገት ራሱ ስፖርት ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ቢራመድ ተቀምጦ ከሚያወጣው 100 ካሎሪ ገደማ ይበልጣል። ብዙ አይመስልም፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ይጠራቀማል። ለሁለት ፌርማታ ባጃጅ መያዝ መተው ደግሞ ሰዓት እንኳ አይጠይቅም።

ጡንቻ ሜታቦሊዝም ያፈጥናል ሲባል ትሰማላችሁ። ያፈጥናል፣ ግን እንደሚወራው አይደለም። አንድ ኪሎ ጡንቻ በእረፍት በቀን 13 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፣ አንድ ኪሎ ስብ 4.5። ሁለት ኪሎ ጡንቻ መገንባት ወራት ይፈጃል፣ ትርፉም 26 ካሎሪ ነው። ታዲያ ለምን እንሠራለን? ኪሎ ስንቀንስ ከስቡ ጋር ጡንቻም ስለሚሄድ፣ እሱን ለመያዝ ነው። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ 5 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ማንሣት በቂ መጀመሪያ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን።

ከወሊድ በኋላ ወይም መድኃኒት ከጀመርኩ በኋላ ነው የወፈርኩት። ምን ላድርግ?

አራስ ቤት ገንፎው በቅቤ ይዋጣል፣ አጥሚቱ አይቋረጥም፣ ከአልጋ መነሣት ነውር ነው። እናቶቻችን በፍቅር ነው የሚያደርጉት፤ እምቢ ማለትም ይከብዳል። ጡት ብቻ የምታጠባ እናት በቀን እስከ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል፤ አራስ ቤት የሚቀርበው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ነው። ጡት እያጠቡ መራብ አያስፈልግም። ወተቱ ከተስተካከለ በኋላ ቅቤውን አሳንሶ፣ እንቁላልና ጎመን ጨምሮ፣ ቀስ ብሎ መራመድ ይበቃል።

መድኃኒትን በተመለከተ የሦስት ወር መርፌ አንዳንድ ሴቶችን ያወፍራል። ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታዞን፣ ኢንሱሊን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ኦላንዛፒን፣ ቫልፕሮኤትም እንዲሁ። በራሳችሁ አታቁሙ፤ አንዳንዱን ባንዴ መተው ለሕይወት ያሰጋል። «ምትክ አለው ወይ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አለው። «ለመወፈር» ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ክኒን ወስዳችሁ ከነበረ ደግሞ ሳታፍሩ ለሐኪሙ ንገሩት። ውስጡ ዴክሳሜታዞን ሊሆን ይችላል።

ስለ ማክሻው መርፌ ምን ትላላችሁ?

ኦዜምፒክ እየተባለ የሚወራው ሴማግሉታይድ ነው። ሜታቦሊዝም አያፈጥንም፤ ረሃብን ይቀንሳል፣ ሆድ ቶሎ እንዳይጎድል ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ትልቅ ሙከራ በ68 ሳምንት ከሰውነት ክብደት 15 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ይሠራል። ግን በሐኪም ትእዛዝና ክትትል የሚወሰድ ነው፣ ብዙዎችን ያቅለሸልሻል፣ ሲቆም ክብደቱ በብዛት ይመለሳል። በቅዝቃዜ መጓጓዝ ያለበት መድኃኒት ነው፤ በሰው እጅ ተሸፍኖ በዚህ ሙቀት ድሬ የደረሰን መርፌ እኛ አንወጋም።

ሁለት ወር ደህና ቀነስኩ፤ አሁን ኪሎው ቆመብኝ። ሰውነቴ ለመደ?

በከፊል አዎ። ከላይ ያለችውን የ75 ኪሎ ሴት እንመልሳት። 65 ኪሎ ስትደርስ የእረፍት ወጪዋ ከ1,389 ወደ 1,289 ይወርዳል። ቀለል ያለ አካል ሲንቀሳቀስም ትንሽ ያወጣል። መጀመሪያ ላይ ያከሳት ማዕድ አሁን የሚበቃት ማዕድ ሆነ። ቀመሩን በአዲሱ ኪሎ እንደገና ሥሩት።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ጭልፋው ሳይታወቅ አድጎ ይሆናል፤ ለአንድ ሳምንት አፋችሁ የገባውን ሁሉ ጻፉ፣ ሻሂውን ጨምሮ። ሁለተኛ፣ ሚዛኑ ይዋሻል። የወር አበባ ሰሞን፣ ጨው የበዛበት ምግብ፣ የሆድ ድርቀት አንድና ሁለት ኪሎ ውሃ ይይዛሉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ሽንት ቤት ከተገባ በኋላ ተመዘኑ። ወገባችሁንም በሜትር ለኩ። ኪሎ ቆሞ ወገብ እየቀነሰ ከሆነ ሥራው ቀጥሏል።

ለዓመታት በረሃብ ስከሳና ስወፍር ኖሬአለሁ። ሜታቦሊዝሜን አበላሽቼው ይሆን?

ጠጣሩ ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም «አይ፣ ምንም አልሆንሽም» የሚል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን የክብደት ውድድር በጥቂት ወር ብዙ ኪሎ የቀነሱ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተለክተው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ብዙዎቹ የቀነሱትን አብዛኛውን መልሰውታል። የእረፍት ወጪያቸው ግን ለዚያ ክብደት ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ነበር። ሰውነት ረሃቡን አልረሳም። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ለሰዓታት እየሠሩ እጅግ ጥቂት ይበሉ ነበር፤ በዝግታ የቀነሰ ሰው ላይ ቅነሳው ብዙውን ጊዜ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ተቃጥሎ የቀረ ሜታቦሊዝም የለም፤ ቁጠባ ላይ ያለ ሰውነት ግን አለ። ምግብ ሲስተካከልና ክብደት ሲረጋ ቁጠባው በብዙ ሰው ላይ ይላላል።

ስለዚህ ከእንግዲህ ሠርግ ሲቃረብ በውሃና በሎሚ ሁለት ሳምንት መኖር ይቅር። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። በቀን 500 የቀነሰ ሰው በሁለት ሳምንት አንድ ኪሎ ገደማ ይወርዳል፤ ይህ ጥሩ ፍጥነት ነው። ሴት ያለ ባለሙያ ክትትል ከ1,200 ካሎሪ በታች አትውረድ። ከአምስት እስከ አሥር በመቶ መቀነስ ብቻውን፣ ማለትም ከ80 ኪሎ ላይ ከ4 እስከ 8 ኪሎ፣ ደም ግፊትንና ስኳርን ያሻሽላል። እዚያ ስትደርሱ ሁለት ሦስት ወር እዚያው ቆዩ። ኪሎው ሳይመለስ ከከረመ ቀጣዩን አምስት በመቶ ጀምሩ።